የመንዙ ድንጋይ ቤት፦ የጥገናና የታሪክ ማስታወሻ

ኅዳር 2010

ቤቱ መንዝ ጌራ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ወደ ጓሳ ሜዳ በሚወስደው በኩል ነው። ክብ የድንጋይ ቤት፣ የሣር ክዳን፣ አንድ በር፤ መስኮት የለውም። አያቴ ኖረውበታል፣ አባቴ ተወልዶበታል። አያቴ ካረፉ ወዲህ በግ ሲያድርበት፣ ገለባ ሲከማችበት ቆይቶ በስተሰሜን በኩል ጣራው ሰምጧል። እኛ ልጆቹ ከአዲስ አበባ ለእረፍት የምንወጣበት፣ እኛ በሌለንበት ጊዜ ደግሞ ጓሳን ሊያይ የመጣ እንግዳ የሚያድርበት ቤት እናድርገው ብለን ተስማምተናል። የእኔ ድርሻ ሁለት ነው፤ ጥገናውን መከታተልና የቤቱንና የአገሩን ታሪክ በአንድ ደብተር ጽፎ እዚያው ማስቀመጥ። ይህ ማስታወሻ ለሁለቱም ያገለግላል።

ይዞታው በአክስታችን በእቴቴ ስም ነው፤ የመሬት ደብተሩም እሳቸው ዘንድ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት አላቸው። ያሰብነውን ሲሰሙ ሳቁብን።

«ሰው ከሣር ቤት ወጥቶ ቆርቆሮ ሲገባ እናንተ ከፎቅ ወርዳችሁ ሣር ልትገቡ? በሉ እንግዲህ፣ ቁንጫውም ናፍቋችሁ ይሆናል።»

ቀጥለው ግን ቁም ነገሩን ነገሩን። «ክዳኑን በጓሳ ሣር አድርጉት። ሌላ ሣር የምታለብሱት ከሆነ ባትነኩት ይሻላል።»

ኅዳር አጋማሽ

ከግድግዳው ጀመርን። በሩ ላይ ስንለካው ውፍረቱ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ማያያዣው ጭቃ ብቻ፤ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልነካውም። ግንበኛው የዚሁ አገር ሰው ነው። ዙሪያውን ቱንቢ እየጣለ ሲያይ ቆየና በጣቱ አንድ መስመር አሳየኝ። ከወገብ በታች ያለው ድንጋይ ትልልቅ ነው፤ ጠፍጣፋው ፊቱ ወደ ውጭ፣ ክፍተቱ በጠጠር የተጠቀጠቀ፣ ጭቃው እምብዛም የማይታይ። ከዚያ በላይ ያለው ትንንሽ ድንጋይ ነው፣ ጭቃው ወፍራም፣ ረድፉም የተዛባ። «ይኼ የሁለት ሰው እጅ ነው፤ የታችኛው ሰው ጊዜ ነበረው፣ የላይኛው ቸኩሏል» አለኝ።

በላይኛው ክፍል፣ በውስጥ በኩል፣ ከምድጃው ትይዩ አንድ የተሰበረ ወፍጮ ተገንብቶበታል። መሐሉ ጎድጉዷል። ላዩ በጥቀርሻ ጠቁሮ ሳለ በጥፍር ሲፋቅ የእህሉ መፍጫ ልስላሴ እንዳለ ነው፤ የመጁ መመላለሻ ቁልቁል ተሰምሮ ይታያል። እንዲያው ለድንጋይ ማነስ ነው የገባው ወይስ አውቀው ነው ያኖሩት ብዬ እቴቴን ጠየቅኋቸው። «ወፍጮ ተሰበረ ተብሎ ይጣላል እንዴ?» ብለው አለፉኝ። ደብተሩ ላይ የእሳቸውን መልስ እንዳለ ጽፌዋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

አንድ መሐንዲስ ወዳጃችን የድንጋዩን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሙሉት ብሎ በስልክ መክሮን ነበር። ግንበኛው አልተስማማም፤ ምክንያቱንም አስረድቶኛል። በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ የጠጣውን ውሃ በመጋጠሚያው በኩል መልሶ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ከውጭ ሲያፍነው እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፣ ጭቃው ይላላል፣ ድንጋዩም ከነሲሚንቶው ተያይዞ ይወርዳል። በጭቃ ይቀጥል አልን። አፈሩ ተነፍቶ፣ ጭድ ገብቶበት፣ በእግር ተረግጦ ይቦካል፤ ጥቂት ቀናት ይቀመጥና እንደገና ይረገጣል። ያላደረ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ታኅሣሥ

ግንቡ ላይ እኔ ብዙም አልረዳም፤ ስለዚህ ታሪኩን ፍለጋ ሽማግሌ ቤት መዞር ያዝኩ።

ስለ አገሩ መጻፍ ቀላል ነው። መንዝ ሦስት ነው፤ ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ። የሸዋ ነገሥታት የዘር ግንድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዚሁ ከመንዝ ከተነሱት ከነጋሢ ክርስቶስ ይቆጠራል፤ ሣህለ ሥላሴና ዳግማዊ ምኒልክም የዚያ ሐረግ ናቸው። ይህን ማንም ጽፎታል። የአንድ ገበሬ ቤት ታሪክ ግን የትም አልተጻፈም። «ይህ ቤት በስንት ዓመተ ምህረት ተሠራ?» ብሎ መጠየቅም ዋጋ የለውም። እዚህ ዘመን በቁጥር አይያዝም። «በጣሊያን ጊዜ»፣ «በጃንሆይ»፣ «መሬት የታወጀ ዕለት»፣ «በ77ቱ» ነው የሚባለው።

ሰማንያን ያለፉ አንድ ጎረቤት አሉ፤ ከአያቴ ጋር አብረው ያረሱ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው።

«አባ፣ የአያቴን ቤት ሲሠራ ያውቃሉ?»

«ሲሠራ አላውቅም ልጄ፣ ሲከደን ግን አውቃለሁ። እኔም ሸክሜን ተሸክሜ መጥቻለሁ። ጓሳ የተከፈተ ጊዜ ነበር።»

«የትኛው ጊዜ?»

«እኔ ሚስት ካገባሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተ ዕለት።»

ሰርጋቸውን ከጃንሆይ ብር ኢዮቤልዩ ጋር አያይዘው ያስታውሱታል። ኢዮቤልዩው በ1948 ዓ.ም. ስለሆነ ይህኛው ክዳን የ1950ዎቹ መጀመሪያ መሆን አለበት። የላይኛው ግድግዳ ለምን እንደፈረሰም ከእሳቸው ነው የሰማሁት። የአያቴ አባት ቤት በጣሊያን ጊዜ ተቃጥሏል። ክዳኑ ሲነድ ወጋግራው ወደ ውስጥ ወረደ፣ የግድግዳውም አናት አብሮ ሄደ። ከነጻነት በኋላ በቆመው ግንብ ላይ ቀጠሉበት። ግንበኛው ቸኩሏል ያለው ሰው አያቴ ኖሯል።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ስለ ጣሊያን ጊዜ ምን ያህል እንጻፍ በሚለው ከወንድሜ ጋር ተከራከርን። «ሰው ሊያርፍ መጥቶ ስለ መርዝ ጋዝ ያንብብ?» ይላል። እኔ ደግሞ እንግዳው የሚመጣበት መንገድ ራሱ እንዴት ይታለፋል እላለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው የደሴን መንገድ ይዞ ከጣርማ በር ላይ ነው ወደ መንዝ የሚገነጠለው፤ እዚያው ያለው ዋሻ መንገድ ጣሊያን የቆፈረው ነው። የደሴን መንገድ በዚያ ያሳለፈው ጦር በሚያዝያ 1931 በዚሁ በመንዝ ምድር፣ ዘረት ላይ፣ አመፀኛ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ አጥቅቷል፤ እጃቸውን ሰጥተው የወጡትንም ረሽኗል። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባቸው። የተቃጠለው ቤታችን በዚህ ሁሉ መካከል ትንሽ ነገር ነው፤ ሆኖም ያለዚህ የግድግዳውን መስመር ማስረዳት አይቻልም። ወንድሜ አንድ ገጽ ፈቀደልኝ። አንድ ተኩል ጽፌያለሁ።

ጥር

ጥምቀት አልፎ ክዳኑን ማውረድ ጀመርን። የዚህ ሥራ ትልቁ ነገር ይህ ሆነ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

አሮጌ ሣር በሹካ ተነቅሎ የሚወርድ መስሎ ይታያል እንጂ እንደዚያ አይደለም። በየጊዜው አዲሱ በአሮጌው ላይ ስለሚደረብ ክዳኑ ወፍሯል። ከሰመጠው ጎን አጠገብ፣ ገና ደህና የነበረውን ክፍል በማጭድ ከላይ እስከ ማገሩ ቀጥ አድርገን ቆረጥነውና ጎኑን አየነው። ሦስት ድርብ ነው።

ከታች፣ ማገሩን የነካው፣ ጥቁርና ጠንካራ ነው። ጭስ ጠጥቶ ጠጥቶ አንዱ ዘንግ ከሌላው ተጣብቋል። ሲሰበር ይንኮሻኮሻል፣ ጣትን ያጠቁራል፤ ነቀዝ የሚባል ነገር ግን አልገባበትም። ቁመቱ ረጅም ነው፣ ከጉልበት በላይ። ከማገሩ ጋር የታሰረበትም ገመድ ራሱ ከጓሳ የተገመደ ነው፣ ዛሬም ሲጎተት አይበጠስም። ሽማግሌው ተሸክመው የመጡት ይህ መሆን አለበት።

መካከለኛው ቡናማ ነው፣ እሱም ጓሳ፣ ግን አጠር ያለና ሳሳ ያለ።

ላይኛው ጓሳ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከግማሽ በላዩ የገብስ አገዳ ነው፤ የቀረው ከእርሻ ዳር የታጨደ ሣር። ውሃ ያስገባውና ጣራውን ያሰመጠው ይኸው ነው።

ይህን ቁራጭ በገመድ አስሬ ይዤ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። አገላብጠው አዩት። ከዚያ የነገሩኝን ሌሎችም አረጋግጠውልኛል፤ በጽሑፍም የታወቀ ነገር ነው።

ጓሳ ዝም ብሎ የበቀለ ሣር አይደለም። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ያ ሰፊ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በደንብ የተጠበቀ ነው። አስቦና ጌራ በሚባሉ ሁለት አባቶች ስም ለሁለት ተከፍሎ የመጠቀም መብት ያለው የእነሱ ትውልድ፣ ባለ ርስቱ ነበር። አሠራሩ ቄሮ ይባላል። በየወገኑ አንድ አባ ቄራ ይመረጣል፤ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው እሱ ነው። አንዴ ከተዘጋ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማጭድ አይገባበትም። ሣሩ ደርሷል ሲባል በበጋ ይከፈታል፤ ሰው ሣሩን አጭዶ፣ ማገዶውን ለቅሞ፣ ከብቱን አግጦ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ይወጣል። ጠባቂዎቹም ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ነበሩ። በአንድ ቤት ላይ ክዳን የሚለወጠው እንግዲህ ባለቤቱ ሲፈልግ ሳይሆን ጓሳ ሲከፈት ነው። ሽማግሌው ቤቱ የተከደነበትን ዘመን በዚያ የቆጠሩት በከንቱ አይደለም።

የታችኛው ድርብ ረጅም የሆነው ተዘግቶ ስለቆየ ነው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ርስት ሲቀር በርስት ላይ የቆመው ቄሮም ቀረ። በርስት ምክንያት ድርሻ ያልነበረው ሰውም መብት አገኘ፣ ይህ ለእሱ ፍትሕ ነው። ነገር ግን ዘጊው ጠፋ። «ሁሉም ገባበት፤ ሣሩ ቁመት አጣ» አሉኝ ሽማግሌው፣ በእጃቸው መካከለኛውን ድርብ እየነኩ። ላይኛውን ሲያዩት ብዙም አልተናገሩም። «በ77ቱ ነው። ያን ጊዜ ማን ክዳን ያስባል፤ ያገዳውን እንኳ ከከብቱ አፍ ነጥቀን ነው።»

አያቴ ቤቱን በገብስ አገዳ ሲደፍኑት ሳስብ ያ ጣራ እስከዛሬ መቆየቱ ነው የሚገርመኝ።

ከእያንዳንዱ ድርብ አንድ ጭብጥ አስቀርቻለሁ። በደብተሩ ፈንታ ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለን፣ ከሥሩ ሦስት መስመር ጽሑፍ። ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል።

ጥር መጨረሻ

እንጨት። ምሰሶው ጽድ ነው፣ ደህና ነው፣ አይነካም። ወጋግራው ግማሹ ተበልቷል። ጽድ ዛሬ ቆርጦ ማምጣት አይታሰብም፤ ባሕር ዛፍ ገዛን። ልጡን ልጠን ሁለት ሳምንት አደረቅነው። ማገሩንም እንዲሁ።

የካቲት

ሣሩ ተገኘ። ባለፈው ጓሳ በተከፈተ ጊዜ አጭደው ከምረው ካቆዩ ጎረቤቶች በሸክም በሸክም ገዛን። ዛሬ ጓሳ እንደገና የሚጠበቅ ነው። ሕዝቡ በኮሚቴ ያስተዳድረዋል፣ የራሱ መተዳደሪያ ደንብና ጠባቂዎች አሉት፣ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎም ታውቋል። መዝጋትና መክፈቱ ተመልሷል፤ አባ ቄራ ባይኖርም። የገዛነው ሣር ቁመቱ ከታችኛው ድርብ ጋር ሲለካ እምብዛም አያንስም። ለዚህ ነው ሦስቱን ጭብጦች መስቀል የፈለግሁት፤ አራተኛውን ከአዲሱ እጨምራለሁ።

ከዳኞቹ፣ ክዳኑን የሚሠሩት፣ ሦስት ናቸው፤ ወጣቱ አርባን ያለፈ ነው። ሥራው ከግርጌ ይጀምራል። እስሩ ሥሩ ወደ ታች፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይደረደራል፤ እየዞሩ አንዱን ረድፍ ሲጨርሱ ሌላው የበፊቱን ማሰሪያ እየሸፈነ ይወጣል። ገመዱ በሁለት ሰው ነው የሚሰፋው፤ አንዱ ከውጭ ይወጋል፣ ሌላው ከውስጥ ይቀበልና በማገሩ አዙሮ ይመልሳል። «ያዝ!» «ያዝኩ!» ሲባባሉ ውለዋል። ጣራው ቀጥ ያለ እንዲሆን አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ የተኛ ጣራ ላይ ውሃ ይቆማል፣ የቆመ ውሃ ሣር ያበሰብሳል። አናቱ ላይ፣ ሣሩ ሁሉ አንድ ቦታ በሚገናኝበት፣ አንገቱ የተሰበረ ገንቦ ተደፋበት። ገንቦውን እቴቴ ናቸው የሰጡን። አሁን መሳቃቸውን ትተዋል፤ ይልቅ ከዳኞቹን ከታች ሆነው ያዛሉ።

የበልግ ደመና ከመጣ በኋላ ነው የጨረስነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሌሊት ጣለ። ጠዋት ወለሉን በእጄ ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። በቆርቆሮው ቤት ያደሩት ልጆች በጩኸቱ አልተኛንም አሉ።

መጋቢት

አሁን ዋናው ችግር መጣ፤ ማንም አስቀድሞ ያላሰበው ይመስለኛል። ይህን ሣር ዕድሜ የሰጠው ጭስ ነው። የታችኛው ድርብ ስልሳ ዓመት ገደማ የቆየው በየቀኑ ከሥሩ እሳት ስለነደደ ነው። እኛ ደግሞ የምንሠራው የእረፍት ቤት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፣ ሰው ያለበት ዕለት ደግሞ ጭስ አይፈለግም። የከተማ ሰው ዓይኑ ይቃጠላል፣ ልብሱ ይሸታል፣ እህቴ ከሁሉ በፊት «ልጆቹ ያስላሉ» አለች። እሳት ያልነደደበት የሣር ቤት ግን እርጥበቱን የሚያወጣለት የለም፤ ነቀዝና ሻጋታ ይገባበታል።

ጭስ ማውጫ እንሥራ ተባለ። ጭሱን በቱቦ ካወጣነው ለክዳኑ ምን ቀረ? በመጨረሻ መላውን ያመጡት እቴቴ ናቸው። «እንግዳ የሌለ ዕለት ቡናዬን እዚያ አፈላለሁ፤ ኩበቱንና ጨረንፌውን ብቻ አቅርቡልኝ።» ጨረንፌ ለማገዶ የሚሆን የደጋ ቁጥቋጦ ነው። ተስማማን፤ ለድካማቸውም በየወሩ የሚታሰብላቸው አለ። እንግዳ ባለበት ምሽት እሳት የለም። ብርዱን ለመንዝ ባና እንተወዋለን። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ሲጠና ሁለት ባና ግድ ነው፤ ከበግ ጠጉር የተሠራው ወፍራሙ።

መስኮትም አጨቃጭቆናል። ግንበኛው ክብ ግድግዳ መካከሉ ሲከፈት ይዳከማል አለ፣ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። በሩን ላይና ታች ባለ ሁለት መዝጊያ አደረግነው፤ የላይኛው መዝጊያ መስታወት አለው። ጠዋት ፀሐይ በዚያ ገብታ እስከ ምድጃው ትደርሳለች። ወለሉና መደቡ በእበት ተለቅልቋል። መጸዳጃው ከምንጩ በታች፣ ራቅ ብሎ ተቆፍሯል።

ሚያዝያ

ደብተሩን እያጠናቀቅሁ ነው። ስለ አካባቢው የሚለው ክፍል ረዝሞብኛል፤ መቀነስ አልፈለግሁም። ጭላዳው በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ የሚያየው ሰው ምን እንደሚያይ ይወቅ፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የለም። ቀይ ቀበሮውም እንዲሁ የእኛ ብቻ ነው፤ በጠቅላላው ከ500 አይበልጥም ይባላል። ከጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ ሲያድን ታይቷል። በዚሁ በጓሳ የተሠራ ጥናት በመንጋው መካከል ከሞከረው 67 በመቶው ሲሳካለት ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶው መሆኑን ለክቶታል። የሚያድነው አይጥ ነው፤ አይጡ የሚኖረው በጓሳው ሣር ውስጥ ነው፤ ሣሩ የቆየው ለቤት ክዳን ተብሎ ስለተዘጋ ነው። ከዚያ ሜዳ የሚነሳው ውሃ ግማሹ ወደ ዓባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ለእቴቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ቄሮ ያለውን በዝምታ ሰሙ፤ ስለ 77ቱ ያለው ላይ አቆሙኝ። ያን ዓመት ላዩን የደፈኑት አያቴ ብቻቸውን እንዳልነበሩ፣ ከታች ሆነው አገዳውን እያሰሩ ያቀበሉት ሴት አያቴ፣ የእቴቴ እናት፣ እንደሆኑ፣ እቴቴ ራሳቸውም ገመዱን ከውስጥ ይቀበሉ እንደነበር ነገሩኝ። «ሴቱን ሁሉ ከታሪኩ አስወጥተህ!» አሉ። ያን ገጽ እንደገና እየጻፍኩ ነው።

የቀረ ሥራ፦ የመዝጊያው ማጠፊያ ይቀባ። በስተሰሜን ያለው የጎርፍ ቦይ ከክረምት በፊት በድንጋይ ይነጠፍ፤ ካልሆነ ውሃው መሠረቱን ይበላዋል። ሁለት ባና አልደረሰም። ከክዳኑ የተረፈ ሣር አለ፤ በግንቦት ገመድ ይገመድበታል።